ጢስ ዓባይ የጠማው ውሃ ነው፦ ስለ መመልከቻ ማማው ለቀረበው ሐሳብ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ሰው ሲዞር ከረመ። እኔ ጋ ከሦስት ሰው ደርሶኛል። መጀመሪያ የላከልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። «አንተ የጢስ ዓባይ ነገር የማይሆንልህ፣ ይሄን አይተኸዋል?» ይላል መልእክቱ። አየሁት። ሁለቴ አነበብኩት። ሌሊቱንም ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይሄ ነው። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ፊት ለፊት ባለው ኮረብታ ላይ 60 ሜትር ቁመት ያለው የመመልከቻ ማማ ይሠራ። ሊፍት ይኑረው። ጫፉ ላይ ካፌና የመስታወት ወለል ይኑረው። ጸሐፊው ለዚህ ስድስት ምክንያት ያቀርባሉ። ፏፏቴው ከመሬት ሙሉ በሙሉ አይታይም ይላሉ። ቱሪስቱ ግማሽ ቀን ሳይሞላው ይመለሳል ይላሉ። ናያግራ ማማ አለው፣ እኛስ ምን ይጎድለናል ብለው ይጠይቃሉ። ማማው ለወጣቱ ሥራ ይፈጥራል፤ ዳገት መውጣት የማይችሉ አዛውንቶችን ይታደጋል፤ ለባሕር ዳርም መታወቂያ ይሆናታል ይላሉ።

ጸሐፊውን በአካል አላውቃቸውም። ለአካባቢው የሚያስቡ ሰው መሆናቸው ግን ከጽሑፋቸው ያስታውቃል። ከስድስቱ ነጥብ የአንዱን ግማሽ እቀበላለሁ። ሌላውን አልቀበልም። እሳቸው በጻፉበት ቅደም ተከተል ሳይሆን ነገሩ ለእኔ በሚታየኝ መንገድ ልሂድ።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። ማማ የሚለውን ቃል እኛ ጋ ያስተማረን ገበሬው ነው። ማሽላው ሲያሸት፣ በቆሎው ሲደርስ፣ ማሳው መሃል በእንጨት ከፍ ብሎ ይሠራል። ልጅ ወንጭፉን ይዞ ይወጣበታል። ወፉንና ዝንጀሮውን ከዚያ ሆኖ ያባርራል። በባዶ ማሳ ላይ ማማ የሠራ ገበሬ ግን አይቼ አላውቅም። ጽሑፉን ሁለቴ ያነበብኩት ለዚህ ነው። ስለ ሊፍቱ፣ ስለ መስታወቱ፣ ስለ ካፌው በሰፊው ተጽፏል። ከዚያ ማማ ላይ ሆነን ስለምናየው ውሃ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር የለም። ውሃው አለ ወይ? በየትኛው ወር አለ? ስንት ቀን አለ? ይሄ አልተነሳም።

አሁን ወደ ነጥቦቹ። «ፏፏቴው ከመሬት ሙሉ በሙሉ አይታይም» የሚለው ልክ አይደለም።

መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጢስ ዓባይ ከተማ ይደረሳል። ትኬት ይቆረጣል። ቁልቁል ወርዶ በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ መሻገር ነው፤ ሰው የአላታ ድልድይ፣ አንዳንዱም የፖርቱጋሎች ድልድይ የሚለውን። ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። ክረምቱ ወጣ ሲል ከሆነ የሄዳችሁት፣ ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ይሰማል። መጀመሪያ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ነው። ከዚያ ደረት ውስጥ ይገባል። ዳገቱን ጨርሳችሁ ስትቆሙ ሸለቆው ይከፈትና ፏፏቴው ፊት ለፊታችሁ ነው። ከዳር እስከ ዳር። ውሃው ሲሞላ ስፋቱ 400 ሜትር ይደርሳል። ቁመቱ ከ40 ሜትር በላይ ነው። ይሄ ሁሉ ከዚያች ኮረብታ በዓይን ይገባል። ማማ አላስፈለገም።

ከዚያ ወደ ታች ወርዶ በተንጠልጣዩ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ፏፏቴው እግር መጠጋትም አለ። እዚያ ሰው ይረጥባል። ፀጉሩ፣ ልብሱ፣ ስልኩ ሳይቀር ይረጥባል። ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። ጢስ ዓባይ፣ ጢስ እሳት። የተሰየመው በሚነሳው እንፋሎት ነው። ጢስ ደግሞ ውበቱ የሚታየው ወደ ላይ ሲወጣ ነው። ከ60 ሜትር ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲያዩት ፏፏቴ ቁመቱን ያጣል። በድሮን የተነሱትን ቪዲዮዎች ተመልከቱ። ስፋቱ ደስ ይላል። ከፍታው ግን አይታወቅም፤ መሬት ላይ የፈሰሰ ወተት ይመስላል።

ድሮም ቢሆን በዚህ ፏፏቴ ላይ የተነሳው ክርክር ከላይ ስለማየት አልነበረም። በ17ኛው መቶ ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊው ጀሮኒሞ ሎቦ ከሚወርደው ውሃ ሥር ገብቼ ቁጭ አልኩ ብሎ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1770 የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ ይሄ ፈጽሞ የሚሆን አይደለም ብሎ ተቆጣ። ሁለቱም ያወሩት ስለ ግርጌው ነው። ሰው እዚህ ቦታ ሲመጣ የሚፈልገው መጠጋት ነው።

የራሴን ልናገር። ልጅ ሆኜ አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ የወሰደን ከመስቀል በኋላ ነበር። ዳገቱ ሁሉ አደይ አበባ ለብሷል። ኮረብታው ላይ ስንደርስ አባባ ከኪሱ አንድ ብር አወጣ። ያኔ የአንድ ብር ኖት ጀርባው ላይ የጢስ ዓባይ ሥዕል ነበረው። ኖቱን ከፍ አድርጎ ከፏፏቴው ጎን ያዘና «አወዳድሩ» አለን። አወዳደርን። እውነተኛው ይበልጥ ነበር። በዓለም ላይ ካሉ ነገሮች ሁሉ ትልቁ መሰለኝ። ያንን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ እንግዶች ከአዲስ አበባ መጡብኝ። መጋቢት ነበር። ጢስ ዓባይን ካላየን ወዴትም አንሄድም አሉ። በአቧራው ነድተን፣ በፀሐዩ ዳገቱን ወጥተን፣ ላብ በላብ ሆነን ደረስን። ጥቁር ገደል ተዘርግቷል። በአንዱ ጥግ አንዲት ነጭ ክር ትወርዳለች። አንደኛዋ እንግዳዬ ዞር ዞር ብላ አየችና «ዋናው ፏፏቴ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? የቆምንበት ቦታ አባባ ብሩን ያወጣበት ቦታ ነው። ይሄው ነው አልኳት። ሌላ ነገር መናገር አቃተኝ።

ማማው ቆሞ ቢሆን ያን ቀን ምን እናይ ነበር? ያችኑ ክር፣ ከ60 ሜትር ላይ።

ውሃው የት ሄደ የሚለውን ብዙ ሰው በደንብ ስለማያውቀው እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከፏፏቴው አጠገብ የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። ከፏፏቴው በላይ ውሃ በቦይ ይወስዳል፣ ከፏፏቴው በታች ለወንዙ ይመልሳል። ትንሽ ስለሆነ ብዙም አልጎዳም። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በር ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ። በ2001 የበሮቹ ቁጥር ሰባት ደረሰ። በዚያው ዓመት ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ 73 ሜጋ ዋት ገደማ። ይሄኛውም ውሃውን የሚወስደው ከፏፏቴው አፍ ላይ ነው። ፏፏቴው በግልጽ የሳሳው ከዚያ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ የጣና ውሃ ራሱ ክፉኛ ወርዶ መርከቦች ለወራት ሥራ አቁመው ነበር።

ከዚያ በግንቦት 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2010) የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ። 460 ሜጋ ዋት። የዚህ አሠራር ሌላ ነው። ውሃውን ከሐይቁ ወስዶ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይልከዋል። በዓመት በአማካይ በሰከንድ 77 ሜትር ኪዩብ እንዲወስድ ታቅዶ ነው የተሠራው። በዚያ የሚሄድ ውሃ በባሕር ዳር ድልድይ ሥር አያልፍም። ጢስ ዓባይንም አያይም። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲባል ሌላ ነገር ነበር የምናስበው። እዚህ ግን ተረቱ ቃል በቃል ሆኗል።

ለዚህ መብራትን አልረግምም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በጢስ ዓይኗ ሲነድ ኖራ በስተርጅናዋ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ መጋገር ስትጀምር ደስታዋን አይቻለሁ። መብራት ያስፈልጋል። እኔ የምለው ጉዳዩ በውሃው ይጀመር ነው።

እዚህ ላይ ነው ናያግራ የሚመጣው። ጸሐፊው በናያግራ ላይ ብዙ ተማምነዋል። እውነት ነው፣ በካናዳ በኩል ስካይሎን የሚባል 160 ሜትር ቁመት ያለው ማማ አለ። ሰው በሊፍት ይወጣል፣ የሚሽከረከር ምግብ ቤት አለው። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። የእኛ የመጀመሪያው ማመንጫ ሥራ በጀመረበት ዓመት መሆኑ ይገርመኛል። ግን የናያግራ ታሪክ በ1964 አይጀምርም። ጸሐፊው የመጨረሻውን ምዕራፍ ብቻ ነው የነገሩን።

በ19ኛው መቶ ዘመን በአሜሪካ በኩል ያለው የናያግራ ዳርቻ በግል ባለይዞታዎች ተይዞ ነበር። ፋብሪካው፣ ሆቴሉ፣ ሱቁ፣ አጥሩ ፏፏቴውን ከበበው። ሳይከፍሉ ፏፏቴውን ማየት የሚቻልበት ቦታ ጠፋ። ጠርዙ ላይ ቴራፒን የሚባል የድንጋይ ማማም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጀመሪያ በፈንጂ አፈረሱት። ሕዝቡ ተነሳ። ናያግራ ነፃ ይውጣ የሚል እንቅስቃሴ ተጀመረ። ከመሪዎቹ አንዱ የኒውዮርክን ሴንትራል ፓርክ የነደፈው ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ ነበር። በ1885 የኒውዮርክ መንግሥት መሬቱን ገዝቶ የሕዝብ አደረገው። ሕንፃዎቹ ፈረሱ። ዛፍ ተተከለ። ማንም ሰው ዳር ድረስ ሄዶ በነፃ እንዲያይ ሆነ።

ሁለተኛው ምዕራፍ ውሃው ነው። ናያግራ ላይም ኃይል ማመንጫ አለ፤ ከእኛ እጅግ የሚበልጥ። ሁለቱ አገሮች ውሃውን ለመብራት ሲሻሙበት ፏፏቴው እንዳይደርቅ ፈሩ። እ.ኤ.አ. በ1950 ውል ተፈራረሙ። ውሉ ቁጥር አለው። ጎብኚ በሚበዛባቸው ወራት፣ በቀን ሰዓት፣ በፏፏቴው ላይ በሰከንድ ቢያንስ 2,832 ሜትር ኪዩብ ውሃ መፍሰስ አለበት። ሌሊትና ብርድ ወራት ላይ ግማሹ ይበቃል፤ የቀረውን ማመንጫው ይወስዳል። ሰው ሲተኛ ውሃው ለመብራት ይሠራል። ሰው ሲነቃ ለዓይን ይሠራል። ይኸው ነው ዘዴው።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። በ1885 ዳርቻው የሕዝብ ሆነ። በ1950 ውሃው በሕግ ተጠበቀ። ዛሬ ቆመው የምናያቸው ትልልቅ ማማዎች የመጡት ከዚያ በኋላ፣ በ1960ዎቹ ነው። ስካይሎንም የቆመው ሆቴልና መንገድ ባለበት ከተማ ውስጥ ነው። ጽሑፉ ከሦስቱ እርምጃ ሁለቱን ዘሎ ሦስተኛውን ብቻ አመጣልን። ይባስ ብሎ በጽሑፉ ላይ የተያያዘው ሥዕል ማማውን ያቆመው ዛሬ ሰው ሁሉ ቆሞ በሚያይበት የኮረብታው ጫፍ ላይ ነው። ይሄ ሲሆን ለሊፍት የማይከፍለው ተማሪ የት ይቆማል? ከጢስ ዓባይ ከተማ በእግሩ የመጣው እረኛስ? አሜሪካኖቹ በ1885 ያፈረሱትን አጥር እኛ ልናጥር ነው ማለት ነው።

ማማ የሌለውን ታላቅ ፏፏቴ የሚፈልግ ካለ ደግሞ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ አለ። ዛምቢያና ዚምባብዌ መካከል ያለው ቪክቶሪያ ፏፏቴ በአገሬው ቋንቋ ሞሲ ኦአ ቱኛ ይባላል። የሚያጓራ ጢስ ማለት ነው። ስሙ ራሱ የእኛ ወንድም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሰው የሚያየው ከፏፏቴው ትይዩ በጫካ ውስጥ በተሠራ የእግር መንገድ ነው። የዝናብ ልብስ ለብሶ፣ እየረጠበ።

«ቱሪስቱ ግማሽ ቀን ሳይሞላው ይመለሳል» የሚለው እውነት ነው። ምክንያቱ ግን የማማ እጦት አይደለም። የውጭ እንግዳ ወደ ሰሜን በብዛት የሚመጣው መቼ ነው? ገናን ላሊበላ፣ ጥምቀትን ጎንደር ብሎ ነው። ታኅሣሥና ጥር ማለት ነው። በመካከል ባሕር ዳር ያድራል። አንድ ቀን ለገዳማቱ፣ ለዘጌ፣ ለኡራ ኪዳነ ምሕረት ይሰጣል። አንድ ጠዋት ለጢስ ዓባይ። ታዲያ ፏፏቴው የሚሞላው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። እንግዳው ሲመጣ ውሃው ሄዷል። ፎቶው ላይ ያየውን ፏፏቴ አያገኝም። ጥላ የለም። ቁጭ ብሎ የሚያርፍበት ወንበር የለም። ንጹሕ መጸዳጃ ፍለጋ ይንከራተታል። ለምን ይቆያል? ባለፉት ዓመታት ደግሞ ሰላሙ ታውኮ እንግዳውም ቀንሷል። ይሄን የማያውቅ የባሕር ዳር ሰው የለም። እንግዳ በሌለበት ጊዜ ትልቅ ብድር የሚጠይቅ ግንባታ መጀመር ማንን እንደሚጠቅም አልገባኝም።

ስለ ሥራ ዕድሉ። ጸሐፊው ማማው ወጣቱን ያሠራል ይላሉ። የተወሰኑ ሰዎችን ያሠራል፤ ትኬት ቆራጭ፣ ጥበቃ፣ አስተናጋጅ። አሁን ግን ያ የእግር መንገድ ራሱ ስንቱን እንደሚያበላ እንቁጠር። አስጎብኚው አለ። ከፏፏቴው በላይ በጀልባ የሚያሻግሩት አሉ። መንገድ ዳር ቡና የምታፈላዋ አለች። ነጠላና ሻርፕ ዘርግታ የምትሸጠው አለች። ያጌጠ ቅል የሚሸጡ ልጆች አሉ። ዋሽንት የሚነፋው ልጅ አለ፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሲነፋ ዳገቱ ይቀላል። እንግዳው ሁለት ሰዓት ሲራመድ ገንዘቡን በአሥር ቦታ ይጥላል። እንግዳውን ከመኪና አውርዳችሁ በቀጥታ ሊፍት ውስጥ ብታስገቡት ገንዘቡ የሚወድቀው በአንድ መስኮት ነው። ቡናዋን ካፌው ይወስደዋል። ጀልባውን የሚፈልግ የለም። የአካባቢው ገበሬ ልጅ ሊፍት አይጠግንም፤ ሲበላሽ ባለሙያ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይቆማል። እነዚህን ሰዎች በስም አውቃቸዋለሁ። ስለዚህ ነገሩ በሐሳብ ብቻ አይደለም የሚያሳስበኝ።

አሁን እቀበላለሁ ወዳልኩት ነጥብ ልምጣ። አዛውንቶችና አካል ጉዳተኞች።

ይሄን ሳነብ ዝም አልኩ። ጸሐፊው እውነት ተናግረዋል። ረስተናቸዋል። እናቴ ጢስ ዓባይን ሳታይ ነው ያረጀችው። ከባሕር ዳር የወጣ ሰው አይመስልም፣ ግን እውነት ነው። በወጣትነቷ ልጅና ቤት ያዛት። ጊዜ ስታገኝ ጉልበቷ እምቢ አለ። አንድ ጊዜ ሞክረን ነበር። ድልድዩን እንደምንም ተሻገረች። የዳገቱ መጀመሪያ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ድምፁን እየሰማሁ እጠብቃችኋለሁ» አለች። ሄድን። አሁን ሳስበው ያንን ቀን መሄድ አልነበረብንም።

ችግሩ ማማው ለእናቴ አይደርስላትም። ማማው የሚቆመው የዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ሊፍቱ ጋ ለመድረስ መጀመሪያ ዳገቱን መውጣት አለባት። እስከዚያ የመኪና መንገድ ይቆረጥ ከተባለ ደግሞ ኮረብታውን ማረስ ነው፤ የድሮው ድልድይና የእግር መንገዱም ትርጉም ያጣሉ።

መፍትሔው ግን አለ፤ ድሮም የነበረ ነው። ሁለተኛው መንገድ። ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ መሻገር፣ ከዚያ በሜዳው አጭር እግር መንገድ ሄዶ ወደ ፏፏቴው መቅረብ። ዳገት የለበትም። የጎደለው ነገር ትንሽ ነው። ሽማግሌ ይዞ የሚወርድበት ደህና መሳፈሪያ። የሕይወት አድን ጃኬት። ተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድበት የተደለደለ ድንጋይ መንገድ። በየመቶ ሜትሩ መቀመጫና የዛፍ ጥላ። ጠርዙ ላይ ጠንካራ አጥር። ወንዙ ሲሞላ ጀልባው ስለሚቆም፣ ፏፏቴው በሚያምርበት ወር መሻገሪያ የለም፤ እዚህ ላይ መሐንዲሶቻችን ዝቅ ያለ የእግረኛ ድልድይ የት ሊቆም እንደሚችል ቢያጠኑ እንዴት ደስ ባለኝ። ጸሐፊው ለማማው ያሰቡትን ጉልበት ለዚህ ቢያውሉት ከጎናቸው የምቆመው የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ።

«ባሕር ዳር መታወቂያ ያስፈልጋታል» ለሚለው ብዙ አልቆይም። ጣና አላት። በሰኔ 2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክምችት ሆኖ ተመዝግቧል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው የዓባይ ድልድይ አላት። ከፍ ብሎ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ቤዛዊት የሚባለው ኮረብታ አለ። ፀሐይ ስትጠልቅ ቤዛዊት ላይ ቆሞ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲጠማዘዝ፣ ከተማዋ በዘንባባዋ መሃል መብራት ስታበራ ያየ ሰው ማማ አይጠይቅም። ያንን ኮረብታ በደንብ መያዝ ይበቃል። እንጨት ማማ ካማረንም በሐይቁ ዳር ረግረጉ ላይ ወፍ መመልከቻ የሚሆን፣ ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ የማይበልጥ መሥራት ይቻላል። ይቺ የግሌ ምኞት ናት።

ይልቅ ወደ ውሃው እንመለስ። «ውሃ ልቀቁ ማለት መብራት አጥፉ ማለት ነው» የሚሉኝ አሉ። ዋጋ እንዳለው አልክድም። በበለስ በኩል ውሃው ከ300 ሜትር በላይ ስለሚወርድ እያንዳንዱ ሜትር ኪዩብ ብዙ ኃይል ይሰጣል። ከታች የሚጠብቀው የመስኖ እርሻም አለ። ግን ሁለት ነገር አስቡልኝ። አንደኛ፣ አገሪቱ ዛሬ በ1990ዎቹ የነበረችው አገር አይደለችም። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት ያለው የህዳሴ ግድብ ተመርቋል። ያኔ ጢስ ዓባይን ስንበላ ሌላ ምርጫ አልነበረንም። አሁን አለን። ሁለተኛ፣ በፏፏቴው ላይ የሚለቀቅ ውሃ አይባክንም። በለስም ዞሮ ዓባይን የሚቀላቀለው ከህዳሴ ግድብ በላይ ነው። በበለስ ሄደ፣ በጢስ ዓባይ ሄደ፣ ያው ውሃ መጨረሻው ጉባ፣ ህዳሴ ግድቡ ጋ ነው። የሚቀነሰው በለስ ላይ በእነዚያ ሰዓታት ሊመነጭ የነበረው ኃይልና ለመስኖው የሚሄደው ውሃ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ዓመቱን ሙሉ ፏፏቴው ይሙላ አይደለም። የምጠይቀው የታወቀ ሰዓት ነው። ውሃውን የሚያስተዳድሩት፣ መብራቱን የሚያመነጩት፣ ቱሪዝሙን የያዙትና የጢስ ዓባይ ከተማ ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። የጨረጨራ በር በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ምን ያህል እንደሚከፈት ይስማሙ። ከጨረጨራ ተነስቶ ፏፏቴው ጋ ለመድረስ ውሃው የሚወስድበትን ጊዜ መሐንዲሶቹ ያሰሉት። ከፏፏቴው አፍ ላይ ያሉት የቦይ በሮችም በዚያ ሰዓት ይዘጉ። ከዚያ ሰሌዳው ተጽፎ ሆቴሎች ውስጥ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ፣ ጀልባ ተራው ላይ ይለጠፍ። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ይወቀው።

ለመጀመሪያው ዓመት ብዙ አልጠይቅም። ከኅዳር እስከ ግንቦት ቅዳሜና እሁድ ጠዋት። ከዚያ በተጨማሪ የጥምቀት ሳምንት፣ ከጥር 8 እስከ ጥር 14፣ በየቀኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት። ጎንደር ደርሶ የሚመለሰው ብዙ እንግዳ በዚያ ሳምንት በባሕር ዳር ነው የሚያልፈው።